አጎቴ ስማቸውን ፈለጉ

«መረጃ ሰጪ፦ ስሙ ያልታወቀ የአካባቢው ነዋሪ።»

ዛሬ መሃል ከተማ የተመረቀው የባህል መድኃኒት ጥናት መጽሐፍ እንዲህ ይላል።

ስሙ ያልታወቀው ሰው አጎቴ ናቸው። ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጧቸው ግን በስማቸው ጠርተው ነው!

የመድኃኒቱን ቅጠል ለባዕድ ላይናገሩ ለአባታቸው ምለው ነበር። አጥኚዎቹ «ስምዎ ከመድኃኒቱ ጋር ይጻፋል» ብለው አግባቧቸው። ይህን ወደ ቋንቋችን ሲዳሙ አፎ የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ።

አጎቴ ማንበብ አይችሉም። «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ጣቴን የቅጠሉ ስም ላይ አሳረፍኩ።

«እንዲህ አጭር ነው እንዴ?» አሉና የገጹን ጥግ አጠፉት።

ተመሳሳይ የገጠማችሁ ጻፉልኝ።

አጥኚዎች፣ አጎቴ እሑድ ገጹን ለልጆቻቸው ሊያሳዩ ነው። ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ። የጽሑፍ መልሳችሁን እስከ ፊታችን ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ።