ከሸራው አጠገብ የቆሙት ሰው

ፈላስፎች ስለ ሲኒማ የጻፉትን ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከፈረንሳይም ከጀርመንም የመጣውን። ምስል ከቃል ይቀድማል ይላሉ። ተመልካች በጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ዓለም ራሷን ትገልጥለታለች ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ሰበታ ላይ ፊልም አይተው አያውቁም፤ ስለዚህ አልቀየማቸውም። የምቀየመው ሰበታ ድረስ መጥቶ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ምንም ሳያይ የተመለሰውን ነው።

በጃንሆይ ዘመን ሰበታ አስተማሪ ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፊልም እናሳያለን። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ እንጋርዳለን፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ፀሐይ ሸራው ላይ ትወድቃለች። ፊልሞቹ አዲስ አበባ ታይተው፣ ተቧጭረውና ተቆራርጠው የሚደርሱን የፈረንጅ ፊልሞች ናቸው። ቋንቋቸውን የሚሰማ ከእኛ ከአስተማሪዎቹ በቀር የለም፤ እኛም ብንሆን ከግማሹ በላይ አይገባንም።

ስለዚህ ከሸራው በስተቀኝ አንድ ሰው ይቆማሉ። የቡራዩ ሰው ናቸው፤ በሥራ ቀን የፍርድ ቤት አስተርጓሚ። እዚያ የባላገሩን ኦሮምኛ ለዳኛው በአማርኛ፣ የዳኛውን አማርኛ ለባላገሩ በኦሮምኛ ይመልሳሉ። ከራሳቸው አንዲት ቃል መጨመር አይፈቀድላቸውም። ሰው ሲበደል እየሰሙ በደሉን ቃል በቃል መተርጎም ነው ሥራቸው። እሑድ ግን እንደ ልባቸው ነበሩ። ፊልሙን ቅዳሜ ብቻቸውን አሳያቸዋለሁ፤ የገባኝን እነግራቸዋለሁ፤ በማግሥቱ በሁለቱም ቋንቋ ያስረዳሉ፤ ያልገባኝን ከራሳቸው ይሞሉታል። ሕዝቡ «ኦቦ አስረጂ» ይላቸዋል፤ አቶ አስረጂ ማለቱ ነው። ያቺ የሸራ ጥግ ናት በሳምንት አንድ ቀን አፋቸው የራሳቸው የሚሆንባት።

አንድ እሑድ አዳራሹ ጢም ብሏል። ቄሶች አሉ፣ አማቾች አሉ፣ ከሱሉልታ ድረስ ዘመድ ጥየቃ የመጡም አሉ። ሸራው ላይ አንድ ወጣትና አንዲት ልጅ ባቡር ጣቢያ ተገናኝተው ከንፈር ለከንፈር ተሳሳሙ። አስረጂው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህቱ ናት። ከሩቅ አገር መጥታ ነው፤ ናፍቆት ነው» አሉ፤ በኦሮምኛም ደገሙት። አማቾች ቀና አሉ። ጥሩ ሄደ። ነገር የተበላሸው ወጣቱና ልጅቷ ሲጋቡ ነው።

«እህቱን?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ኧረ በስመ አብ! ሰባት ቤት ሳይቆጠር?» አሉ አንዲት እናት።

አስረጂው አልደነገጡም። «የሥጋ እህቱ አይደለችም። አባትየው ያሳደጋት ናት» አሉ።

ይሄ ደግሞ እሳቱን አባሰው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ጉዲፈቻ ልጅ አይደለም ወይ? እኔ በጉዲፈቻ ያሳደግኳትን ለወንድ ልጄ ልዳራት? ኦቦ አስረጂ፣ ይህን ሰርግ ያስቁሙልን!»

ደግነቱ፣ ሸራው ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሱ አዛውንቶች ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ካርታ ሊጫወቱ ነው።

«ተቀመጡ እንግዲህ፤ ሽማግሎቹም ተቀምጠዋል። ጉዳዩን እያጣሩ ነው» አሉ አስረጂው። አንዱ ካርታ ሲጥል «ይኸው፣ የጎረቤት ምስክር ቀረበ» ይላሉ፤ ሌላው ሲጥል «ይኸው፣ ይህኛው ተቃወመ» ይላሉ። አዳራሹ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። በመጨረሻ ልጅቷን ያሳደጋት የወጣቱ አባት ሳይሆን ስሙ የሚመሳሰል ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

እኔ ሲኒማና ፍልስፍና ሲገናኙ ያየሁት ያኔ ነው። ዘመድ ማነው? ያሳደገ ከወለደ በምን ያንሳል? የሚያየው ሰው ዝም ማለት አለበት? ይህ ሁሉ በአንድ የተቧጨረ ፊልም ላይ ተጠየቀ።

ከፊት ወንበር ግን ከፓሪስ በፍልስፍና ዶክተር ተብሎ የተመለሰ፣ ዳይሬክተራችን የጋበዘው እንግዳ ነበር። በዕድሜ የእኔ እኩያ ነው። መብራት ሲበራ አስረጂውን፣ በዕድሜ አባቱን የሚያክሉትን ሰው፣ «አንተ» አላቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ በዓይንና በዓለም መካከል ገብተህ ቆመሃል። ምስሉ ራሱ አፍ አለው።»

«አለው ጌታዬ፤ ኦሮምኛ አለመቻሉ ነው እንጂ» አሉ አስረጂው።

አዳራሹ ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቀም። ለዳይሬክተሩ ስለ ንጹሕ እይታ ረዘም ያለ ነገር ነገረው። የወረዳው ገዢም ሰማ። ገዢው ስለ ንጹሕ እይታ ደንታ አልነበረውም፤ በመንግሥት አዳራሽ ኦሮምኛ ጮክ ብሎ መነገሩ ግን ሲከነክነው የኖረ ነው። ምክንያት አጥቶ ነበር እንጂ። ፓሪስ ምክንያት ላከችለት። አስረጂው ከዚያ ወዲያ እንዳይቆሙ ተባለ። እኔ ተቃወምኩ፤ ዳይሬክተሩ «ዶክተር ካለው በላይ አንተ ልታውቅ ነው?» አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰውየው እንደማንኛውም ተመልካች ከኋላ ተቀመጡ። ፊልሙ ተጀመረ። «ማል ጄዴ?» አለ አንዱ፤ ምን አለ ማለቱ ነው። «ይቺ ማናት?» አለች ሌላዋ። ሁሉም አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል፤ አጠገቡ ያለውም አያውቅም። ወደ አስረጂው የሚዞሩም ነበሩ፤ እሳቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፊልሙ ሳይጋመስ ገበሬዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። የቀረነው ጥቂት ሰዎች እየተጨቃጨቅን ጨረስን። ይህን ሊያይ ተመልሶ የመጣው ዶክተር ፊቱ በርቶ ነበር።

ለምን እንደበራ የገባኝ አዲስ አበባ ንግግር ሲያደርግ ሄጄ ስሰማ ነው። የሰበታ ተመልካች አስረጂው ሲነሣለት ነፃ ወጣ፤ ፊልሙን በገዛ ክርክሩ ራሱ ፈጠረው አለ። ተጨበጨበለት። ባዶዎቹን አግዳሚዎች አላነሣም። ክርክሩን ሁሉ ያስተማሩንን ሰውም አላነሣም። ልናገር ብነሣ «ጊዜ የለም» ተባልኩ።

በማግሥቱ ቡራዩ ሄጄ ለአስረጂው ነገርኳቸው። ደጃቸው ላይ አጥር በገመድ ያጠብቁ ነበር፤ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«በምን ቋንቋ ነው የተናገረው?» አሉ።

«በፈረንሳይኛ። የፈረንጅ እንግዶች ነበሩ።»

«ታዲያ የእኛ ሰው እንዴት ሰማው?»

እስኪጠይቁኝ ድረስ ልብ አላልኩትም ነበር። «በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ነበረው፤ አጠገቡ» አልኳቸው።

ገመዱን ለቀቁት። «ቆሞ?»

«ተቀምጦ። ውሃም ቀርቦለት ነበር።»

«ውሃ» አሉ፤ ዞረው አጥራቸውን አዩ። «ለእኔ እንኳን ውሃ፣ መቆሚያዋም…» ጀመሩና ተዉት። ገመዱን አንሥተው አጥራቸውን ማጥበቅ ቀጠሉ። ሰኞ ፍርድ ቤት የሚተረጉሙት ነበራቸው።