ፈንታሁንን መጠጥ ቤት ያዞርኩበት ሐሙስ

ከጎንደር የወጣን ሌሊት፣ አውቶቡሱ ገና ሞተሩን ሳያሞቅ፣ እማማ ትርንጎ ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። ልጃቸው ፈንታሁን ሻንጣ እየጫነ ነው። እኔና ፈንታሁን አንድ ግቢ ያደግን ነን፣ ወደ እስራኤል የመሄጃ ፋይላችንም በአንድ ቀን አለፈ። የእሳቸው ግን "ገና እየታየ ነው" ተባለ። የልጅ ፋይል አልፎ የወላጅ እናት ፋይል እንዴት ይቀራል ብለን ብንጠይቅ ጸሐፊው "ልጁ ያለፈው በአባቱ በኩል ነው" አለን። እማማ ትርንጎም "እኔስ በየት በኩል ነው የወለድኩት?" አሉት። መልሱ እስከ ዛሬ እየታየ ነው።

"አዳነ" አሉኝ አጥሩ ጥግ፤ "እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ። ቀኔ ሲደርስ ልጄ በስልክ እንዳይሰማ። መንገድ ላይ፣ ሥራ ላይ፣ ብቻውን እንዳይሰማ። ሰው ሰብስበህ፣ ሲነጋጋ፣ በሽማግሌ አርዳልኝ።"

"አንቱ ደግሞ! ይልቅ የሚመጡበትን ቀን ያስቡ።"

"ማልልኝ ነው የምልህ።"

"እናቴ ትሙት!" ብዬ ማልኩ። ለካ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። "በኔ ባትምል ምናለበት?" አለች። የእሷም ፋይል እየታየ ነበር፤ ያን ሌሊት ሁለቱ እናቶች አንድ ነጠላ ተጋርተው አጥሩ ሥር ቆመው ቀሩ።

አውሮፕላኑን፣ ሁለት ዓመት የቆየንበትን መርከዝ ክሊታ የሚሉትን የአዲስ መጪዎች ማረፊያ፣ መብላት አቅቶን ስናየው የከረምነውን የአገሩን ሾርባ አልተርክላችሁም፤ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያልመጣም በስልክ ሰምቶ ሰልችቶታል። በመጨረሻ አሽዶድ ደረስን። ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር የሌለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ክፍል አገኘን። አከራያችን በልጅነቱ ከሞሮኮ የመጣ ሽማግሌ ነው፣ እኛው ሥር ይኖራል።

"ከበሮ አላችሁ?" አለን ገና ቁልፉን ሳይሰጠን።

"የለንም።"

"እንግዳ ታበዛላችሁ?"

"ማን አለንና!"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ከአራት ሰው በላይ ደረጃዬን እንዳይወጣ። ኮንትራቱ ላይ ጽፌዋለሁ።"

ፈንታሁን ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ "አራት ሰውማ ጎንደር ለቁርስም አይበቃም" አለ። ፈረምን።

አሁን ወደ ተጠየቅኩት ልግባ። ጎንደር ያላችሁ ወጣቶች ቪዲዮ እያያችሁ "አዳነ፣ አሽዶድ ማታ የት የት ይኬዳል? ጥሩ ሙዚቃ ያለው የት ነው?" እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ሦስት ቤት አውቃለሁ። ሦስቱንም ያወቅኋቸው በአንድ ሐሙስ ማታ ነው፣ ለምን እንደሆነም ልንገራችሁ።

ነሐሴ ነበር። የአሽዶድ ነሐሴ ዝናብ የለውም፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ለብሶ መዋል ነው። መጋዘን ውስጥ ማንጎ ስናሽግ የፈንታሁን አጎት ከጎንደር ደወሉ፣ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ። እኔ ደህና ነኝ ወይ፣ ሥራው ደህና ነው ወይ፣ ባሕሩ ደህና ነው ወይ አሉኝ። ሰላምታው ሲረዝም ገባኝ። "ፈንታሁን አጠገብህ ነው?" አሉ። "እስቲ ራቅ በል።"

እማማ ትርንጎ ጧት ዐርፈው፣ ቀኑን ተቀብረዋል።

ማንጎው መሐል ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩና ዓይኔን ታጥቤ ለአባ አድማሱ ደወልኩ። አባ አድማሱ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ሺዎችን በአንድ ጊዜ ባመጡት አውሮፕላኖች የመጡ፣ አሽዶድ ላለን የጎንደር ልጆች ሁሉ አባት የሆኑ ሽማግሌ ናቸው።

"ሲነጋጋ እንመጣለን" አሉ። "የአክስቱ ልጅ ከሰሜን ነው የሚመጣው፣ የማታ ሚሽመረት አለበት፣ ፈረቃው እኩለ ሌሊት ነው የሚያልቀው። እስኪነጋ ልጁን ያዝ። ብቻውን እንዳይሆን፣ ፔሌፎኑንም እንዳያይ፣ ስልክ እንዳያነሣ።"

"የት ልውሰደው አባ?"

"ሰው ወዳለበት።"

"ሐሙስ ማታ ሰው ያለው መጠጥ ቤት ነው።"

"እንግዲያ መጠጥ ቤት ውሰደዋ! እኔ ግን አላልኩህም" ብለው ዘጉት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ድሮ ደብዳቤ ወር ይፈጅ ነበር፣ መርዶ ነጋሪም ተረጋግቶ ምሳውን በልቶ ይመጣ ነበር። ዛሬ መቃብሩ አፈር ሳይለብስ "ነፍስ ይማር" የሚል ፎቶ ዋትሳፕ ላይ ይዞራል። በዚያ ላይ ፈንታሁን ሐሙስ ማታ እናቱን ሳያነጋግር ውሎ አያውቅም። ከሥራ ሲወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ይደውላል፤ ያን ቀንም ስልኩን ሲያወጣ ደረስኩበት።

"አትልፋ፣ ጎንደር ኃይለኛ ዝናብ ነው፣ ኔትወርክ የለም" አልኩት። ይህን ውሸት የማያምን የጎንደር ልጅ አልተፈጠረም። "ይልቅ ዛሬ ልደቴ ነው፣ እጋብዝሃለሁ።"

"ልደትህ ጃንዋሪ አንድ ነው" አለ። "የኔም። መታወቂያ ላይ ሁላችንም የተወለድነው ጃንዋሪ አንድ ነው።"

"ያ የመንግሥት ልደቴ ነው። እናቴ የምታውቀው የዛሬውን ነው።"

ሳቀና ተከተለኝ። የኔ ስልክ ባትሪው አልቋል ብዬ የእሱን ተቀበልኩት፤ "ቪዲዮ ላንሳህ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ለእማማ ትልክላቸዋለህ።" ደስ አለው። ኪሴ ሳልከተው አውሮፕላን ላይ እንዳለ ሰው ኔትወርኩን አጥፍቼ ከዓለም ቆረጥኩት።

የመጀመሪያው ቤት የሩሲያዎቹ ነው፣ ከባሕሩ አጠገብ። የምታብረቀርቅ ቀሚስ የለበሰች ወፍራም ሴት ትዘፍናለች፣ አንድ መላጣ ሰውዬ ኪቦርድ ይጫወታል። ፈንታሁን ለአስተናጋጇ "ሻይ አለ?" አላት፤ ቮድካና ጨው የበዛበት ጥሬ ዓሣ አመጣችለት። ዓሣውን ሲያሸት ፊቱን ብታዩት! ከዘፈኑ እኛ አንድም ቃል አናውቅም፣ ቤቱ ሁሉ ግን ዓይኑን ይጠርጋል።

ፈንታሁን አጠገባችን ያሉትን አዛውንት "ምን እያለች ነው?" አላቸው።

"ስለ አገር" አሉ በተሰባበረ ዕብራይስጥ።

"ከዚህ በፊት ያለውስ?"

"እሱም ስለ አገር። እናት በር ላይ ቆማ ልጇን ስትሸኝ።"

ለማልቀስ ከፈለጋችሁ ከዚህ የሚሻል ቤት የለም። እኔ ግን ያን ማታ የምፈልገው ሌላ ነበርና ቮድካውን ሳይጨርስ ጎትቼ አወጣሁት።

ሁለተኛው የወጣቶቹ ክለብ ነው፣ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ። በሩ ላይ ሰሌክቶር የሚባል ሰው አለ፤ ሥራው የሰው ፊት አይቶ ማስገባትና መመለስ ነው።

"ዛሬ ዝግ ዝግጅት ነው" አለን።

"የማን?"

"የተጋበዙ ሰዎች።"

ይህን ሲለን አምስት ልጃገረዶች ሳይጠየቁ ገቡ። "እነዚህን ማን ጋበዛቸው?" አልኩት። "እኔ፣ አሁን" አለኝ።

በሌላ ቀን ቢሆን "ድሮስ!" ብዬ ኮርቼ እመለስ ነበር። ፈንታሁን ግን "ተወው፣ ቤት እንሂድ። እናቴን ደግሜ ልሞክራት" አለ። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጠጥ ቤት በር ለመንኩ። ከሰሌክቶሩ ጎን ጥበቃው ቆሟል፣ የኛው ልጅ፣ እዚሁ የተወለደ።

"አሂ፣ ወንድሜ፣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም" አለኝ። "እሱ ነው የሚወስነው፣ ማ ላዓሶት፣ ምን ይደረግ።"

ጆሮው ሥር ገብቼ "እናቱ ሞታለች፤ አላወቀም። እስኪነጋ ይዘነው ነው" አልኩት።

ልጁ አማርኛ ብዙም አያውቅም። ይቺን ግን አወቃት። ፈንታሁንን አየት አደረገና "አባቴን እንዲህ ነው ያደረጉት። ሌሊቱን ሙሉ ኳስ ሲያሳዩት አደሩ" አለኝ። ከዚያ ሄዶ ሰሌክቶሩን አነጋገረው። ምን እንዳለው አላውቅም፣ በሩን የዘጋው ገመድ ተነሣ። ፈንታሁን ሲያልፍ ጥበቃው እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው።

"ታውቀዋለህ እንዴ?" አለኝ ፈንታሁን። "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!"

ውስጡ ሙዚቃ አይሰማም፣ ደረት ይመታል እንጂ። ስልክ ቢጮህ የማይሰማበት ቤት ለምትፈልጉ ወደር የለውም።

ሦስተኛው የኛው ቤት ነው፤ ጋራዦቹ ሰፈር፣ ጎማ ቤት ፎቅ ላይ። ወጥ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ማሲንቆ አለ፣ የጎንደር ሰው አለ። መጨረሻ ያደረግኩትም ለዚህ ነበር፤ የጎንደር ሰው ሁሉ ሰምቷልና። ስንገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሣ። ወንበር ለቀቁለት፣ ቢራ አቀረቡለት። አንዷ እናት ጉንጩን ሳመችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"አዳነ" አለኝ ፈንታሁን ዓይኑ እያበራ፤ "ይህን ያህል ሰው እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ቤት ተቀምጬ ተበድያለሁ።"

ቢራዬን አንሥቼ ጠጣሁ።

እንደምታውቁት አዝማሪ እንግዳ ሲያይ ይመጣል፣ ይነካካል፣ ስም ጠርቶ ያሞግሳል። ያን ማታ ግን ባለማሲንቆው ሌላ ሌላውን ሁሉ እየዞረ ፈንታሁንን ይሸሻል። ፈንታሁን መቼ ዝም ይላል፣ አራት ቢራ ጠጥቷል! ተነሥቶ "ስለ እናቴ፣ ስለ ትርንጎ በልልኝ!" ብሎ ጮኸ።

ብርጭቆ የሚያነሣ ጠፋ። ባለማሲንቆው እኔን አየኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። ማሲንቆውን ሁለት ሦስት ጊዜ ገዝገዝ አደረገና ጀመረ፦

ትርንጎ ደጇ ላይ ሰው ስትሸኝ የኖረች፣
ልጅ እንጂ ሌላ ሀብት ምኑን አስቀመጠች።

ፈንታሁን እስክስታውን ለቀቀው። ጎንደር እያለን እንኳ እንዲህ ሲጨፍር አላየሁትም። "አንሣኝ! አንሣኝ! ለእሷ ነው!" ይለኛል፣ በራሱ ስልክ አነሣዋለሁ። ሴቶቹ እያጨበጨቡ ያለቅሳሉ፣ እሱ ደስታ መስሎታል። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው አፍራለሁ፣ ግን ከልቤ ሳቅሁ። ጭፈራው ደስ ይል ነበር።

ሲነጋጋ ቤታችን ደረስን። እያንጎራጎረ ነው። ከሕንፃው በር ላይ አባ አድማሱ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል፣ ከኋላቸው የአክስቱ ልጅ፣ ከዚያም ሃያ የሚሆን ሰው። ፈንታሁን ቆመ። የኛ ሰው ማለዳ ደጅ ላይ ሽማግሌ ሲያይ የሚነግረው አያስፈልገውም። ሽማግሌዎቹን ሳይሆን እኔን ዞሮ አየኝ።

"ልደትህ አልነበረም" አለ።

አባ አድማሱ ያዙት። ሦስቱን ፎቅ ደግፈን አወጣነው፤ ለቅሶው ደረጃውን ሞላው። አከራያችን በፒጃማ ወጥቶ "አራት ሰው ተባብለን አልነበረም?" ብሎ ጀመረና ፈንታሁንን ሲያይ አፉን ያዘ። ወርዶ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ይዞ ተመለሰ። አራት ጊዜ ተመላለሰ፣ በዚያ ዕድሜው።

የለቅሶው ሰባት ቀን ሲያልቅ ስልኩን መለስኩለት። ቪዲዮውን ከፍቶ እስከ መጨረሻው አየው።

"ስትስቅ ይሰማል" አለኝ።

"አዎ።"

"ምንም የማያውቅ ሰው ሳቅ ነው የሚመስለው።"

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሙዚቃ ሳይሰማ፣ ደስታ ቤት ሳይረግጥ ከረመ፤ ሐሙስ ሐሙስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ስልኩን ያወጣና መልሶ ኪሱ ይከታል።

የእናቱ ዓመት ሞልቶ ባለፈው ሐሙስ፣ ከሥራ ስንወጣ፣ "ዛሬ እኔ ልጋብዝህ። ወደ ኛው ቤት እንሂድ" አለኝ።

ፈንታሁን ጋብዞኝ አያውቅም። ክው አልኩ። "ቦርሳዬን ረሳሁ" ብዬ ወደ መጋዘኑ ተመልሼ ሮጥኩና ለእናቴ ደወልኩ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አይነሣም። ደገምኩት።

"ማን ሞተ?" አለች ገና ከማንሣቷ።

"ማንም አልሞተም እማዬ።"

"ታዲያ ያለ ቀንህ ምን ያስደውልሃል? ልቤን እኮ አወጣኸው!"

"ፈንታሁን ቢራ ልጋብዝህ ብሎኝ ነው።"

የዚያን ሐሙስ ነገር ጎንደርም ይታወቃል።

"እኔ አለሁ" አለች። "ወንድምህ ማሩም፣ እህትህም አሉ። ሂድ ጠጣ።"

"ፋይልሽስ?"

"እየታየ ነው።"

ሄድን። ጎማ ቤቱ ፎቅ ላይ ያው ባለማሲንቆ ነበር፣ ያው ወጥ፣ ያው ሰው። ሲያስተናግዱን ጉንጭ የሚስም አልነበረም፣ ወንበርም የለቀቀልን የለም፤ ይህም አረጋጋኝ። ሁለተኛውን ቢራ ስንጀምር ፈንታሁን ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

"ፔሌፎንህን አምጣ" አለ። "ተነሥ ጨፍር፣ ላንሣህ። ለእናትህ ትልክላታለህ።"

እናቴን ካነጋገርኳት ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ድምጿን ሰምቻለሁ፣ ተቆጥታኛለች፣ ደህና ናት። እሱ እጁን እንደዘረጋ ጠበቀኝ። እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ።