የቀሪ ሰው ድርሻ

ልብስ ሰፊዋ እሑድ እሑድ ጆሮዋን ደረጃው ላይ ጥላ ትውላለች። ወድቃ ጉልበቷን ከተጎዳች ወዲህ አመሏ ይኸው ሆኗል፤ እጇ መርፌ ይይዛል፣ ጆሮዋ ኮቴ ይጠብቃል። ጫማ ሲሰማ ቀና ትላለች። ኮቴው በሯን አልፎ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ፣ «ይሁና!» ትልና ክሩን በጥርሷ በጠስ ታደርገዋለች።

የሚያውቋት «እትዬ መቀስ» ይሏታል። ስሙ በሙያዋ የወጣላት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ምላሷን አልቀመሰም ማለት ነው።

የምትጠብቀውን ለሰው ብትናገር ይሳቅባታል። ቁራሽ ዳቦ ነው። ርቧት አይደለም፤ ዳቦ ቤቷ ሞልቷል። እሷ የምትጠብቀው እሷ ከእሑድ አምልኮ ስለ ቀረች ከጉባኤው ገበታ ላይ ተቆርሶ፣ በሰው እጅ ተይዞ የሚመጣውን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በወጣትነቷ ጉባኤያቸው የሚሰበሰበው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች ክፍል ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ባሏ የሞተባት ልብስ አጣቢ፣ ተማሪዎች፣ እሷ፣ ሌሎችም፤ ተጠጋግተው ካልተቀመጡ በሩ አይዘጋም። አንድ ቀን ቧንቧ ሠራተኛው ስለ ፊተኞቹ ክርስቲያኖች ያነበበውን አወራቸው። እነዚያ ሰዎች በየቤቱ ተሰብስበው አብረው ይበሉ ነበር፤ ከመሃላቸው ለቀረው ሰው ደግሞ ከዚያው ከገበታው ድርሻው ይላክለት ነበር። ይህን ብሎ መነጽሩን አወለቀና፣ «ታዲያ እኛን ምን ያዘን?» አለ። በቃ። ኮሚቴ አልተቋቋመም፤ ጥናት አልቀረበም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦው ሲቆረስ «ማን ቀረ?» ይባላል፤ የቀሪው ድርሻ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ እሷ ይዛ ትበራለች። እግሯ እንዲህ ሳይሆን ያኔ ክንፍ ነበር።

አንዴማ፣ ጠቅልሎ ወደ ሌላ ጉባኤ ለሄደ ሰዓት ሠሪ «ታሞ ነው» ብለው ዳቦ ሲያመላልሱለት ከረሙ። ሰውየው እውነቱን መናገር አፍሮ፣ በራፉ ላይ ሳል ሳል እያደረገ ይቀበላታል። ኋላ ሆዱ አልችል ሲለው፣ «እህቴ፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ። ሌላ ቦታ ነው የማመልከው» አላት።

«ታዲያ እዚያ ዳቦ አይሰጡህም?»

«ይሰጡኛል። ስቀር ግን የሚያውቅ የለም።»

ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀና፣ «በሉ እንዳታቋርጡበት!» አለ።

ዛሬ ቧንቧ ሠራተኛው አፈር ለብሷል፤ ጉባኤው ደግሞ አዳራሽ አለው። ወንበሮቹ መሬት ላይ በብሎን ታስረው ሁሉም ፊታቸውን ወደ መድረክ አዙረዋል፤ ሰው ሰውን የሚያውቀው በማጅራቱ ነው። ዳቦው ጥፍር በምታክል ቁራጭ፣ ወይኑ በታሸገ የፕላስቲክ ስኒ ይታደላል፤ ክዳኑን ልጦ ለመጠጣት ጎን የተቀመጠውን ማየት አያስፈልግም። ሥልጣኔ ነዋ! ይባስ ብለው ዘንድሮ በአዳራሹ ግንባር ላይ «እንደ ፊተኞቹ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ሰቅለዋል። ፊተኞቹ ምን በደሏችሁ? ስማቸውን መስቀል መቼ አቃተን? ያቃተን ቁራሽ ይዞ ደረጃ መውጣት ነው፤ ለእሱ ደግሞ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም። ስለ እነሱ ታላቅ ዝግጅት ይኖራል፣ መዘምራኑም እንደ ጥንት ሰው ረጅም ቀሚስ ለብሰው ይወጣሉ ተባለ። ቀሚሱን የሚሰፋውስ ማን ሆነና? እትዬ መቀስ ናት፤ ጉልበቷ ከመጎዳቱ በፊት የተቀበለችው ሥራ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ኮቴው አላለፈም። በሩ ተንኳኳ።

ጉልበቷን ረስታ ብድግ አለች። «መጣሁ! መጣሁ!» እያለች ወንበሩ ላይ የተከመረውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በክንዷ ጠርጋ ጣለች፤ ፀጉሯን ዳበስ ዳበስ አደረገች፤ ከፈተች።

የመዘምራኑ አለቃ ነው። በአዘቦት ቀን መኪና መንዳት ያስተምራል፤ ቆሞ እንኳ ቀኝ እግሩ ፍሬን የሚፈልግ ይመስላል። እትዬ መቀስ ፊቱን ሳይሆን እጁን አየች። ባዶ ነው።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ቀሚሶቹ እንዴት ሆኑ?»

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ትናንት ትንሽ አተኩሷቸው ነበር።»

«እ?»

«ጤናቸውን የጠየቅኸኝ መስሎኝ።»

ጉልበቷ ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ ያየው ያን ጊዜ ነው። «ውይ በሞትኩት! ምን ሆነው ነው? ለምን አልነገሩንም?»

«የቀረ ሰው ይናገራል እንዴ? ይጎድላል እንጂ!»

«ኧረ እኛስ በስልክ መልእክት ልከንልዎታል፤ ‹ናፍቃችሁናል› የሚል።»

«ደርሶኛል። አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠውም ሁሉ ደርሶታል አሉ።»

ሳቁ አመለጠው። ለእሱም እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ነበር የደረሰው። ከዚያ ሳቁን ዋጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይቆጡኝ እንጂ እትዬ፤ እናንተ አንዲት ክፍል ነበራችሁ። አሁን አዳራሹን ከሞላው ሕዝብ መሃል አንድ ሰው እንዴት ብሎ ይጎድላል?»

ሰውየው እያሾፈ ቢሆን ኖሮ ልኩን ታስገባው ነበር፤ የምሩን ነው የጠየቀው። እሷም ቢሆን ፊት ለፊቷ ይቀመጥ ከነበረው ማጅራት የትኛው ዘንድሮ እንደጠፋ ማንም ቢጠይቃት አታውቅም።

«ተቀመጥ» አለችው በመጨረሻ።

«ቸኩያለሁ፤ ተማሪ ቀጥሬያለሁ...»

«የቀሚሶቹ ጫፍ አልታጠፈም። ባለቤቱ ፊቴ ካልቆመ አላጥፍም፤ መሬት እየጠረገ እንዲወጣ ነው? አንድ በአንድ ይምጡ። አንተ መጀመሪያ ነህ። በባዶ ሆዱ የቆመ ሰው ግን አልለካም።»

ዳቦ ቆርሳ አቀረበችለት። ሲያዩት ጠዋትም የቀመሰ አይመስልም። እያየችው፣ ስንት ዘመን አፏ ውስጥ ተዳፍኖ የኖረው ቃል ራሱ ወጣ። «ማን ቀረ?»

«የት?»

«ዛሬ። ሕዝቡን ሁሉ ባታውቅ መዘምራንህን ታውቃለህ።»

ማኘኩን አቆመ። «አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው አለ... ከቀረ ሰንብቷል። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«ይሆናል?»

«ቤቱም ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የመጣሁት!»

«ፖሊስ ጣቢያማ ቢሆን የሰው አድራሻ ይዘህ ትመጣ ነበር።» ከዳቦው ሌላ ቁራሽ አነሣች፤ ከቀሚሶቹ የተረፈ ንጹሕ ጨርቅ መርጣ ጠቀለለችውና እጁ ላይ አኖረችው። «‹ተማሪዬ ያመልጠኛል› አትበል። ሳይደርቅ አድርስለት።»

ሰውየው ጥቅሉን ይዞ ቆመ። ጥቅሉን አየ፤ ፋሻዋን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከራሱ ሳህን የተረፈውን ለሁለት ቆረሰና ግማሹን ዘረጋላት። «ይሄ የእርስዎ ነው።»

«የገዛ ዳቦዬን?»

«እጁ የእኔ ነው።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ተቀበለችው።

ኮቴው ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ ግድግዳ ተደግፋ እያነከሰች መስኮቱ ጋ ደረሰች። ሰውየው መንገዱ ማዶ ቆሟል። በቀኝ የመኪናው ማቆሚያና ተማሪው፣ በግራ ዳቦ መጋገሪያው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወዲያና ወዲህ ያያል።

«በግራ ነው!» ብላ ጮኸች። «ካጣኸው ሰው ጠይቅ!»

እጁን አነሣላት፤ መስማቱ ግን አይታወቅም። አንድ አውቶቡስ መጥቶ መሃላቸው ቆመ፤ ተሳፋሪ አወረደ፤ ሌላ ጫነ። ሲነሣ ሰውየው ከቦታው የለም።

እትዬ መቀስ ቁራሿን እንደያዘች፣ በአንድ እግሯ ቆማ፣ በግራ በኩል ያለውን መንገድ በዓይኗ ተከተለችው፤ ጥጉን ታጥፋ፣ መጋገሪያውን አልፋ። እሷ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ በሩን አንኳኩታ ነበር።