ጉድጓድ አይዛወርም

ዲመካ ላይ የዘሩባቤል ክር አልበረክት አለ። ጂንካ እያለ ተወጥሮ የሚውለው ድር፣ እዚህ ገና ረፋዱ ላይ ጧ! ይላል። አንዱን ሲቀጥል ሌላው ይበጠሳል። ነርስ ሚስቱ ሚስጥር በ2003 ዓ.ም. ዲመካ ስትመደብ «ሸማ የትም ይሠራል» ብሎ ተከትሏት ነበር የመጣው። ካልተሠራለት ግን ብቻውን ወደ ጂንካ መመለሱ፣ ትዳሩም የሚኒባስ ትዳር መሆኑ ነው።

ድር ማለት ከሸማኔው ፊት በቁመት የሚወጠረው ክር ነው። ማግ ደግሞ በመወርወሪያ ተጭኖ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ድሩን ያቋርጠዋል። ማግ ቢበጠስ ቀላል ነው፤ ድር ሲበጠስ ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል። ለዚህም ነው ድሩ እንዲጠነክር የዱቄት ሙቅ የሚቀባው።

ዘሩባቤልም የጠረጠረው ሙቁን ነበር። አወፈረው። ድሩ እንደ ደረቅ ሣር ተንኮሻኮሸና ጭራሽ ባሰበት።

አንድ ጠዋት ተናዶ የታጠበበትን ውሃ እግሩን ወደሚያስገባበት የሸማኔ ጉድጓድ ደፋው። እስከ ምሳ አንድም ክር አልተበጠሰም! ለካ የዲመካ ደረቅ አየር የጥጡን እርጥበት ይጠጣል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው እርጥብ አየር ደግሞ ድሩን ያለሰልሰዋል። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጉድጓዱን ያጠጣ ጀመር።

ፍየል ነጋዴው ጎረቤቱ ዶላሞ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፦ «አንተ፣ እዚያ ውስጥ ምን ተክለህ ነው?» አለው።

«ጋቢ።»

«ሲደርስ ለእኔም አንድ ቁረጥልኝ!»

ደረሰም። የመጀመሪያውን ጋቢ በዚያ ሐሩር ለብሶ ገበያ የዋለው ራሱ ዶላሞ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሚስጥር ወደ ጂንካ ተመለሰች። ዘሩባቤል አዲስ ጉድጓድ ቆፈረ። ዝናብ ሞላው፤ ዲመካ ያጠጣ የነበረው ሰው ጂንካ ውሃውን በጆግ እየቀዳ ያወጣ ጀመር። ዘንድሮ ደግሞ የሚስጥር ዝውውር ወደ ሃና ከተማ ሆነ።

«ዘሩዬ፣ ሌላ ልትቆፍር ነው?» አለችው እየሳቀች።

«መንግሥት ነርስ ያዛውራል እንጂ ጉድጓድ አያዛውርም። አሁንስ በቃኝ!»

እናም በረጃጅም የባሕር ዛፍ እግሮች የሚቆም፣ ተፈታቶ አይሱዙ ላይ የሚጫን የሽመና ዕቃ እየሠራ ነው። ጉድጓድ ስለሌለው ከድሩ ሥር እርጥብ ጆንያ ዘርግቶለታል። ትናንት ሲሞክረው ክሩ ቻለ፤ መቀመጫው ግን እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ሻንጣዋን ሸክፋ የጨረሰችው ሚስጥር አሁን ከመቀመጫው አንዱ ጫፍ ተቀምጣ ሚዛኑን ትሞክርለታለች፤ እሱ ደግሞ ተንበርክኮ ረዘም ያለውን እግር እየጠረበ ነው።

«አሁንስ?» ይላታል።

«ትንሽ ይቀረዋል» ትለዋለች እየተወዛወዘች።