ከበሩ ሆኖ የሚታይ ልጅ

ባለቤቴን ሰፈሩ «ጋሼ ጥራት» ይለዋል፤ ለሹፈት ነው። ፎቶ ቤታችን ለጉርድ ፎቶ የገባ ሰው «አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ» ሲባል ቆይቶ የሚወጣው ወገቡን ይዞ ነው። እኔም ከባንኮኒው ጀርባ ይህንኑ ሳይ ዕድሜዬ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። እሱም ደክሞታል፤ ዓይኑም እንደ ድሮው አይደለም።

ባለፈው ወር ልጃቸውን የቀበሩት ጎረቤታችን እማማ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጡ። ከጉያቸው ፖስትካርድ የምታክል ፎቶ አወጡ። ባለቤቴ ራሱ ያነሳት ናት፤ ልጃቸው ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኞች በሦስት ረድፍ። ልጃቸው ከኋላ ጥጉ ላይ ቆሟል። ሌላ ፎቶ የለውም።

«ፊቱን ብቻ አውጣና ትልቅ፣ የሚሰቀል አርግልኝ፣ ልጄ» አሉት።

«ማታ ይምጡ፣ እማማ» አለና ፎቶዋን ወደ ብርሃን አስጠጋ። ያሳሰበው ገብቶኛል። ፎቶው የተነሳ ቀን ደመና ስለነበር የሌንሱን ቀዳዳ ሰፋ አድርጎ ከፍቷል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ደግሞ ጥርት ብሎ የሚወጣው ርቀት ይጠባል። ፎከሱ ያረፈው አለቆቹ የተቀመጡበት የፊት ረድፍ ላይ ነው። የኋላው ለፖስትካርድ እንደሚበቃ አስልቶ ነበር፤ በቅቷልም። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ብሎ ማን አሰበ?

ከሰዓቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ዋለ። ፊቱን ባሳደገው ቁጥር ዓይኑና ቅንድቡ ይቀላቀላሉ።

«ከፎከስ የወጣ ነጥብ ክብ ይሆናል» አለኝ፣ ዓይኑን እያሸ። «ክቧ ትንሽ ከሆነች ዓይናችን ነጥብ ናት ብሎ ያልፋታል። ስታሳድጊያት ግን ጉዱ ይወጣል።»

«አስተካክለው እንግዲህ።»

«ዓይን ልሥልለት እችላለሁ። የሱ ዓይን ግን አይሆንም።»

እማማ ማታ ተመልሰው ወንበር ላይ ሲቀመጡ የታተመውን ሰጣቸው። ወደ ፊታቸው አስጠጉት።

«ይሄ ማነው? ልጄን ምን አደረግከው?»

ባለቤቴ ፎቶውን ከእጃቸው ቀስ ብሎ ተቀበለና የኋሊት ሄደ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ደረቱ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘው።

እማማ ቀና አሉ። «እሱ ነው» አሉ።

ተነሥተው ሊጠጉት ትንሽ ራመድ አሉና ቆሙ። ሲቀርቡት እንደሚጠፋ ገባቸው። ተመልሰው ተቀመጡ።

«እዛው ያዝልኝ፣ ልጄ። ትንሽ ልየው።»

ባለቤቴ ፎቶውን ከደረቱ ሳያወርድ ቆመ። የመዝጊያችን ሰዓት አልፏል፤ እግሬም አብጧል። መብራቱን ሳላጠፋ ጠበቅኳቸው።