የጠቦቱ አንጎል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። ባለቤቷ የልጆቻቸው ስም ከጠፋባቸው ቆይቷል። በስልኩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው እየሳቀ፣ ያረጀ አንጎል ውስጥ አዲስ ሴል ተክሎ የጠፋ ትዝታ እንደሚመልስ ይናገራል። አስካለ የጡረታ ነርስ መሆኔን ስለምታውቅ እውነት መሆኑን እንድነግራት ፈለገች። እኔ ግን የማየው የሰውየውን ሳቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚህ በፊት አይቻለሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በጤና ረዳትነት ተመርቄ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ቀያችን ለእረፍት ገብቻለሁ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የመንዝ ክረምት ጉም ቤት ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ የደረቀ የመሰለው የሱፍ ባና ሁሉ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። የገብስ ቂጣ በስልጆ እየበላን እሳት ዳር እናመሻለን።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ሥጋ ወደሙን እጥላለሁ ብለው ስለፈሩ መቅደስ መግባት ትተው፣ ቅዳሴውን እንደ ማንኛውም ምእመን ከውጭ ቆመው ያስቀድሱ ነበር። በፍልሰታ በየቀኑ ይቀደሳል፤ በየቀኑም አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ምሳ ላይ በሬዲዮ የሰማሁትን አወራሁ። ባሕር ማዶ ያሉ ሐኪሞች እንዲህ ለሚንቀጠቀጡ ሰዎች ለጋ የነርቭ ሴል አንጎላቸው ውስጥ ይተክላሉ፣ የተሻላቸውም አሉ አልኩ። ገና ሙከራ መሆኑንም ሰምቼ ነበር፤ እሱን ግን ዘለልኩት። አባቴና ወንድማቸው፣ አጎቴ ጋሼ ሙላት፣ አፍ አፌን ሲያዩኝ ደስ አለኝ።

ጋሼ ሙላት ለንግድ ወደ ዓለም ከተማ ወርዶ ሲመለስ አንድ ሰው አስከትሎ መጣ። ሰውየው የቆዳ ቦርሳ አንግቷል፤ ጥፍሮቹ ረጅምና ጥቁር ናቸው። እኔ ያወራሁትን ሕክምና እሱም እንደሚሠራ፣ ከሚጠባ ጠቦት አንጎል የተወሰደ ሴል ማጅራት ላይ ሲወጋ ራሱ ወደ ላይ እንደሚወጣ ነገረን። ውሸት መሆኑ ገብቶኛል፤ ያን ለማለት ግን ምሳ ላይ የዘለልኩትን ማውጣት ነበረብኝ።

ጠቦቱ በጾም፣ በቄስ ግቢ ታረደ። ሰውየው ጭንቅላቱን በምሳር ፈልጦ አንጎሉን በጣቱ ዛቀና በሻይ ብርጭቆ ከጨው ውሃ ጋር ያቦካው ጀመር። ግራጫና ሮዝ የሆነ ንፍጥ መሰለ። እርጥብ ሱፍና ትኩስ ደም ጉሙ ውስጥ ይሸታል። በሻሽ ሲያጠልለው የተረፈውን ሱሪው ላይ ጠረገው። እኔ መርፌውን እንቀቅለው ስለው፣

«መርፌው ከጋለ ሴሉ ይሞታል። አንቺ ይህ ይጠፋሻል?» አለኝ እየሳቀ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«የተማርሽው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ ልጄ?»

«ይሞክሩት፣ አባዬ» አልኳቸው።

ጭንቅላታቸውን ደግፌ የያዝኩትም እኔ ነኝ። ወፍራም መርፌ ነበር፤ ፈሳሹ አልገባ ሲለው ሰውየው እያቃሰተ በአውራ ጣቱ ገፋው። ሲጨርስ ሥጋውን አስጠብሶ፣ እኛ እየጾምን፣ ከንፈሩን እያጣጣመ በላ። ቅባቱ በአገጩ ሲወርድ ዛሬም ይታየኛል።

በሦስተኛው ቀን ማጅራታቸው አበጠ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ አቃዣቸው። ጭቃውን በቃሬዛ ተሻግረን፣ መንገድ ላይ በተገኘ የጭነት መኪና ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ እብጠቱን ሲከፍተው የወጣው ሽታ፣ ስንት ቁስል አጥቤ የማውቀውን እኔን ውጭ አስወጥቶ አስመለሰኝ። ማን እንደወጋቸው ሲጠይቀኝ አንድ የባህል ሐኪም ነው አልኩት። እኔ እዚያ እንደነበርኩ አልተናገርኩም። አባቴ አልጋው ላይ ሆነው ይሰሙኛል።

ተረፉ። አንገታቸው ግን ደርቆ ቀረ፤ ሰው ሲጠራቸው በሙሉ አካላቸው ይዞራሉ። እጃቸውም መንቀጥቀጡን አልተወም። ሰውየው የት እንደገባ አልታወቀም። ቤት በገባን በሳምንቱ፣ ቁስላቸውን ሳጥብ እያለቀስኩ ሰውየውን መራገም ጀመርኩ። አባቴ አስቆሙኝ።

«የእሱን መርፌ መች አመንኩት» አሉኝ። «ያመንኩት አንቺን ነው።»

ሳይቆጡ ነበር የተናገሩት። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ሴል የመትከሉ ነገር ብዙ ርቀት ሄዷል። በሥርዓት የሚሞክሩት ሐኪሞች የሚጽፉትን ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ፤ ለማን እንደሚሠራ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ገና አላወቅንም ይላሉ። እነሱን አልጠላም። የሚያስጠላኝ የእነሱን ቃል ሰርቆ ቤት ለቤት የሚዞረው ነው። ከእሱ ይልቅ ደግሞ ያንን ቃል እንደ ጌጥ አጥልቃ ምሳ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ታስጠላኛለች።

ለአስካለ፣ «አላውቅም» አልኳት። «ሐኪሞቹም ገና እየሞከሩ ነው። በስልክ የሚስቅ ሰው ግን ባለቤትሽን እንዳይነካቸው።»

ቅር ብሏት ተነሣች። ይህን ሁሉ ዓመት ነርስ ሆነሽ እንዴት አታውቂም አለችኝ። በሩ ድረስ ሸኘኋትና ደግሜ፣ አላውቅም አልኳት።