ሙሉ ጨርቅ ቆርጬ የሰፋሁት ድሪቶ

ልጁን በድሪቶ ዳረ እያሉ የሚያወሩ ሰዎች ደባርቅ ውስጥ አሁንም አሉ። እውነታቸውን ነው። ድሪቶውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ካሬ አለው፤ አንዱ ካሬ ሌላውን አይመስልም። ሲያወሩ ግን አንድ ነገር ይዘላሉ፤ ከአንዷ ካሬ በቀር ጨርቁ ሁሉ አዲስ ነበር።

ልጅ ሆኜ የምለብሰውም የምተኛበትም ድሪቶ ነው። እናቴ ያገኘችውን እራፊ በእራፊ ላይ እየጣፈች፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበር ለራሷም ጠፍቷት ነበር። የሰፈር ልጆች ድሪቶ ለባሽ ይሉኛል። ትምህርት ቤት ያልገባሁት በዚህ ምክንያት ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ያልገባሁት የሚልከኝ ስላጣሁ ነው። ስድቡን ግን አልረሳሁትም። የደባርቅንም ብርድ አልረሳሁትም። ያ ድሪቶ ባይኖር ይህን የሚጽፍ ሰውም አይኖርም ነበር።

ልብስ ሰፊ ሆንኩ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዬን ተክዬ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። የሰው ልክ የምይዘው በጭንቅላቴ ነበር። አንድ ቀን አንድ መምህር የሱሪውን ልክ በወረቀት ጽፎ ላከልኝ። የማነብ መስዬ ወረቀቱን ዘቅዝቄ ይዤ ኖሮ፣ በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሳቀብኝ። በነጋታው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። አርባ አልፎኝ ነበር። የእውቀት ፍቅር ይዞኝ አይደለም፣ ንዴት ነው።

ከፊደሉ ጋር ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ሰጡን። ሒሳቡ ሲሰለቸኝ ካሬዎቹን በእርሳስ አጠቁራለሁ፤ አንዱን አጥቁሬ ሌላውን እዘላለሁ፣ አንዱን በሰያፍ ለሁለት እከፍላለሁ። አንድ ቀን ገጹን ራቅ አድርጌ ሳየው ድሪቶ ሆኖ ታየኝ። እናቴ ያገኘችውን ጣፈች። እኔስ መርጬ ብሠራው ምን ይመስላል አልኩ።

ልጄ ስትታጭ ይህ ነገር ተነሳብኝ። ለዳባት ሰው ነው የታጨችው፤ ዳባትም ብርድ ነው። ባለሱቁ ዘንድ ገብቼ ጥቁር ሰማያዊ፣ የገለባ ቢጫና ነጭ ጨርቅ ከሦስት ጣቃ ይቁረጡልኝ አልኳቸው። ባለሱቁ ሐጂ ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር ቶሎ ይገባቸዋል። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ለድሪቶ ነው አልኳቸው። መቀሱን አስቀመጡት።

«ቁርጥራጭ ከሆነ የፈለግኸው ከጠረጴዛው ሥር ጆንያ ሙሉ አለልህ፤ በነጻ ውሰድ። ጤነኛ ሰው ሙሉ ጨርቅ ቆራርጦ መልሶ ይሰፋል?»

«ቁርጥራጭ የሚለቅም ያጣ ሰው ነው። እኔ አላጣሁም፣ ሐጂ። ይቁረጡልኝ።»

ቆረጡልኝ። እስከ ማታ ለገባ ለወጣው ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ።

እንደ ቀላል ጀመርኩት። የመጀመሪያዎቹ አራት ካሬዎች በየራሳቸው ልክ ወጡ። ስፌት ጨርቅ እንደሚበላ ሱሪ የሚያሳጥር ለማጅ እንኳን ያውቃል፤ እኔ ግን ብዙ ቁራጭ ያለበት ካሬ ብዙ እንደሚበላ አላሰብኩም። በዘጠኝ ቁራጭ የሠራሁት ደህና ሲሆን በሠላሳ ቁራጭ የሠራሁት በሁለት ጣት አነሰ። ሁሉንም ፈታሁ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ልክ በደብተሬ እየጻፍኩ፣ እያንዳንዱን ስፌት በካውያ እየተኮስኩ ሄድኩ። አንዱ ካሬ የሊማሊሞ መንገድ ነው፣ ጥምዝምዙ ከላይ እስከ ታች። አንዱ እንደ ጊች የገብስ እርሻ ቢጫውን በቀጭን በቀጭኑ የደረደርኩበት ነው። አንዱ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንዱ ኮከብ፣ አንዱ የመስኮት ፍርግርግ። የቀሩት ስም የላቸውም፤ እጄ ያመጣቸው ናቸው። ሌላ ቀለም እንዳይገባ ምዬ ነበርና ዐሥራ አንዱ ካሬ እርስ በርሱ ተስማማ።

ዐሥራ ሁለተኛዋን ከእናቴ ድሪቶ ቆረጥኳት። ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ቀለሟ ይህ ነው አይባልም። እንደ ሌሎቹ አስተካክዬ ከሁለተኛው ረድፍ መሃል አስገባኋት፣ ከዚያ ድሪቶው ውስጥ ጥጥ ሞላሁበት፣ ወጥ ጥቁር ሰማያዊ ገበር አደረግኩለት።

ሚስቴ ገና ስታየው ጎረቤት ሳይሰማ እጠፈው አለችኝ። ልጄ ግን ዙሪያውን ዞራ፣ ካሬዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ደስ አላት ብዬ ነበር።

«አባዬ፣ ሌላው ያምራል። ይችን አንዷን ብቻ አውጣልኝ።»

«ለምን?»

«የሰው ቤት ነው የምገባው። ከምን ቤት መጣች እንዲሉኝ ነው?»

«ከዚህ ቤት ነው የመጣሽ። አትወጣም።»

እርሷም በዚያው አልወስድም አለች። የሠርጉ ዕለት እናቷ የገዛችላት ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ዳባት ሄደ፤ የእኔው ድሪቶ እቤት ቀረ። የሠርጉን ምግብ ምን ምን እንደሚል አላስታውሰውም።

መልሱ ግን በቤቴ ነው። ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ድሪቶውን ዘረጋሁት፣ ካሬዎቹን ወደ ላይ አድርጌ። ሚስቴ ልታነሳው መጣች፤ ዓይኔን አይታ ተመለሰች። እንግዶቹ ገቡ፣ ሙሽሮቹ ተቀመጡ። የሙሽራው አጎት ተጫዋች ሰው ነው፤ ጠላውን ጎንጨት አለና ወደ ሶፋው አገጩን ቀሰረ።

«አማቻችን፣ እኛ አገር ልብስ የሚጣፈው ሲያልቅ ነው። እርስዎ ዘንድ ገና ሳይጀመር ነው?»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እኔ አልሳቅሁም።

«እዚህ ቤት ልጅ ያሳደገው ድሪቶ ለብሶ ያደገ ሰው ነው። የሚቀፈው ካለ በርጩማ አለ፣ ተነስቶ እዚያ ይቀመጥ።»

ሳቁ ተቋረጠ። ሽማግሌዎቹ ተው እንጂ፣ ጨዋታ ነው አሉኝ። ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜም ጨዋታ ነው ይሉኝ ነበር። ሙሽራው አልተነሳም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ልጄም አልተነሳችም። ግን አንገቷን ደፍታ፣ መዳፏን ዘርግታ ያችን አሮጌ ካሬ ሸፍናት ተቀምጣለች። እንግዳው እስኪወጣ እጇን አላነሳችም። ከአጎትየው ነገር ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ድሪቶውን አጥፌ እቅፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ሰው እያየ መመለስ አልቻለችም። ገበሩን ወደ ውጭ አድርጋ እንደገና አጠፈችውና ይዛው ሄደች።

ከወር በኋላ ዳባት ሄድኩ። ድሪቶው አልጋው ላይ ተነጥፏል፣ ገበሩ ወደ ላይ ሆኖ። የገባ ሰው የሚያየው ወጥ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ነው። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ገለበጥኩት። ስትመለስ አየችው። በሚቀጥለው ስሄድ ገበሩ ተመልሶ ወደ ላይ ሆኖ ቆየኝ። ገለበጥኩት። እንዲህ እኔ ስገለብጥ እርሷ ስትመልስ ክረምቱ አለፈ። እርሷም ስለዚህ አታነሳ፣ እኔም አላነሳ። ባሏ አንዴ ስገለብጥ ደርሶብኝ ያላየ መስሎ ወጣ።

ሚስቴ ልጅቱን ተዋት ትለኛለች። አልተዋትም። እኔ ልጅቷን አይደለም የምገለብጠው።

ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ሄጄ ስገባ ሊማሊሞው፣ ገብሱ፣ ኮከቡ ሁሉ ወደ ላይ ነው። አሮጌዋም መሃል ላይ አለች። እጄን አልጋው ላይ እንዳደረግኩ ቆምኩ።

«ትናንት ታጥቦ ነው» አለች ልጄ ከጓዳ። «ስነጥፈው ሳልገለብጠው ቀርቼ ነው።»

አልጠየቅኳትም ነበር። ቀና ስል ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል፣ ከነላስቲኩ፣ ዚፑ እንኳን ሳይከፈት።